እንዶድ፣ ቡታኖልና ኤተር በትግራይ የቢልሐርዚያ ታሪክ ውስጥ

አክሊሉ ለማ ቢልሐርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት በ1964 ወደ አድዋ ሲሄዱ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ተመራማሪ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በከተማዪቱ ጅረት ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ማጠቢያቸውም እንደ አገሩ ልማድ ደርቆ የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ያስተዋሉት ነገር ለማንም ዓይን የተሰወረ አልነበረም። አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ ከአጣቢዎቹ በታች፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ከአጣቢዎቹ በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ከሴቶቹ አንዷን ጥቂት የእንዶድ አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቋት፤ በዕቃው ውስጥ የነበሩትም ሞቱ።

ይህ ታሪክ በአገራችን የጤና ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ ተነግሯል። ከወንዙ ዳር በኋላ በቤተ ሙከራ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ግን እምብዛም አይነሣም። እንዶድን በሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው አንዱ ትልቅ እርምጃ የተፈጸመው ቡታኖል በተባለ ተቀጣጣይ አሟሚ ፈሳሽ አማካይነት ነው። የቡታኖል የቅርብ ዘመድ የሆነው ኤተር ደግሞ ይህንኑ በሽታ በሰገራ ምርመራ ለመለየት በላቦራቶሪዎቻችን ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ በትግራይ የቢልሐርዚያን ታሪክ የሚከታተል ሰው በሁለት ጠርሙሶች አጠገብ ማለፉ አይቀርም፤ ሁለቱም የሚቃጠሉ ናቸው።

ከአድዋ ግኝት በኋላ የተነሣው ጥያቄ ተግባራዊ ነበር። የተወቀጠ ፍሬ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ነው፤ ኃይሉም እንደ ተክሉ ዓይነት፣ እንደ አፈሩና እንደ መከሩ ጊዜ ይለያያል። አንድን ወንዝ ለማከም ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ በእርግጠኝነት ለመናገር በፍሬው ውስጥ ገዳዩ ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው ሥራውን ቀጠሉ፤ ኬሚስትሪውን ደግሞ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባልደረቦች ጋር አካሄዱት። በ1972 ይህ ቡድን በጥገኛ ተሕዋስያን ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ እንዶድ በቡታኖል ሲጨመቅ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ እንደሚጨምር አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ከፍሬው ተነጥሎ የታወቀው ገዳይ ንጥረ ነገር በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ቡታኖል የተመረጠበት ምክንያት በአጋጣሚ አይደለም። የእንዶድ ገዳይ ነገር ሳፖኒን ከሚባሉት ውሕዶች ወገን ነው። ሳፖኒን አንድ ወገኑ ስብን፣ ሌላው ወገኑ (የስኳር ሰንሰለቱ) ውኃን የሚወድ በመሆኑ እንደ ሳሙና ያረፋል። እንዲህ ያለውን ውሕድ ቤንዚን አያሟሟውም፤ ውኃ ያሟሟዋል፤ ነገር ግን ውኃ ከፍሬው ውስጥ ስኳሩንም ሆነ ሌላውን ሁሉ አብሮ ያወጣል። ሜታኖልና ኤታኖል ደግሞ ከውኃ ጋር ፍጹም ስለሚቀላቀሉ ተለይተው አይቀመጡም። ቡታኖል በመካከል ያለ ፈሳሽ ነው። ከመቶ ግራም ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ከሰባት እስከ ስምንት ግራም ብቻ ሲሆን የቀረው ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የአንድ ሊትር ክብደቱ 810 ግራም ገደማ ነውና። የእንዶድ ውኃና ቡታኖል በአንድ ጠርሙስ ተንጠው ጥቂት ሲቆዩ ሳፖኒኑ ወደ ላይኛው ክፍል ይሻገራል፤ ስኳርና ጨው በታች ይቀራሉ። እስከ ዛሬም ድረስ በየአገሩ ሳፖኒንን ከዕፅዋት የሚለዩ ኬሚስቶች ይህንኑ ይሠራሉ።

የፈሳሹ ስም መነሻው «ቅቤ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው፤ አራት ካርቦን ያለውን አሲድ ሰዎች መጀመሪያ ያወቁት ከሻገተ ቅቤ ስለ ነበረ ነው። በብዛት ወደ ዓለም ገበያ የገባው ግን በጦርነት ምክንያት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ለባሩድ ሥራ አሴቶን ቸገራት። በማንቸስተር የነበረው ኬሚስት ካይም ቫይትስማን ከበቆሎና ከመሳሰለው ስታርች አሴቶንን በባክቴሪያ የሚያብላላ ዘዴ አቀረበ። ባክቴሪያው ግን ከአሴቶን እጥፍ የሚሆን ቡታኖል አብሮ ያወጣ ነበር። ይህ ፈሳሽ ለብዙ ጊዜ የማይፈለግ ትርፍ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1920ዎቹ ቶሎ የሚደርቅ የመኪና ቀለም ለመሥራት ተፈላጊ ሆነ። በካሊፎርኒያው ቤተ ሙከራ እንዶድን ለመጭመቅ ሲነሣ እንግዲህ ርካሽና የታወቀ ሸቀጥ ነበር።

ቡታኖልን ለዚህ ሥራ ተስማሚ ያደረጉት ጠባዮቹ አደገኛም ያደረጉት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መያዝ አይቻልም። ከተለየ በኋላ በሙቀት መትነን አለበት፤ አለዚያ ዱቄቱ አይገኝም። ብቻውን በ118 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ከውኃ ጋር ሆኖ ግን ሁለቱም በ93 ዲግሪ ገደማ አብረው ይተናሉ። ለኬሚስቱ ይህ ምቾት ነው። የጥንቃቄው ጉዳይ የሚጀምረው ግን ከዚህ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ ነው። የአንድ ፈሳሽ ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችልበት ዝቅተኛ ሙቀት የብልጭታ ሙቀት ይባላል። ለቡታኖል ይህ እንደ መለኪያው ዘዴ ከ29 እስከ 37 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 35 ገደማ ነው። በቤት ውስጥ ከሚታወቀው ነገር ጋር ሲነጻጸር ከላምባ ብዙም አይርቅም። ላምባ በቀዝቃዛ ክፍል ክብሪት ቢወድቅበት ወዲያው ላይቀጣጠል ይችላል፤ ሲሞቅ ወይም ጨርቅ ሲነክር ግን ይቀጣጠላል። ቡታኖልም እንደዚሁ ነው፤ በቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ጨዋ የሚመስለው ፈሳሽ በማሞቂያ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል።

ተኑ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል፤ ስለዚህ ሽቅብ ወደ መስኮት አይወጣም፤ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራትቶ ወደ ወለል ይወርዳል፤ እሳት ባለበትም ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ሊመለስ ይችላል። በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ ከ11 እጅ ሲበልጥ ደግሞ አየር ስለሚያንሰው አይነድም። እንደ እድል ሆኖ አፍንጫና ዓይን ከዚህ እጅግ ቀድመው ያስጠነቅቃሉ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ጣሪያ በሚሊዮን 50 እጅ ነው፤ ይህም ለእሳት ከሚያሰጋው መጠን ሁለት መቶ ሰማንያ ጊዜ ያንሳል። ዓይኑ የሚያቃጥለው ባለሙያ ገና ለፍንዳታ አልቀረበም፤ ለጉዳት ግን ቀርቧል። በ1945 ኮጋንና ግራንት የተባሉ የዓይን ሐኪሞች በቡታኖል ተን ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች ኮርኒያ ላይ ጥቃቅን ፊኛ መሰል ነጠብጣቦችን አይተው ጽፈዋል። ስለዚህ ዓይኑ ቀልቶና አንብቶ የሚመጣ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ዘወትር የትራኮማ ወይም የአለርጂ ታማሚ አይደለም፤ ስለ ሥራው መጠየቅ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሱት የሙቀት አኃዞች በጠርሙስ ላይ ከሚታተሙት ጋር አንድ ናቸው፤ የሚታተሙትም በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። መቀሌ ግን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አድዋም ብዙ አታንስም። በመቀሌ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን እንኳ አይሞላም። ውኃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ የሚያውቅ ሁሉ፣ ይኸው ነገር በአሟሚ ፈሳሾችም ላይ እንደሚደርስ ብዙ ጊዜ አያስብም። ቡታኖል በመቀሌ በ111 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ብቻ ቢሆን ቸግር አልነበረም። የብልጭታ ሙቀቱም አብሮ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ የሙቀት መጠን ከፈሳሹ የሚነሣው ተን ብዛት በከፍታ አይለወጥም፤ ተኑን የሚያቀጥነው አየር ግን ያንሳል። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ የተኑ ድርሻ ከፍ ይላል። የመለኪያ ደንቦች ለዚህ የሚያደርጉት እርማት ሲሰላ በመቀሌ አምስት ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ 35 የተባለው ወደ 30 ዝቅ ይላል ማለት ነው። 35 ዲግሪ በደጋ ከተማ ክፍል ውስጥ የማይደረስበት ሙቀት ነው። 30 ግን ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ወይም ከኢንኩቤተር በላይ ባለ መደርደሪያ ይገኛል።

ወደ አድዋ እንመለስ። ከ1969 እስከ 1974 በከተማዪቱ ጅረቶች ላይ እንዶድ በተግባር ተሞከረ። አስገራሚው ነገር በሙከራው የዋለው የተፈጨ ፍሬ በውኃ እንጂ በቡታኖል የተጨመቀው ንጹሕ ዱቄት አለመሆኑ ነው። ውጤቱ በ1983 ሲታተም እንደታየው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ሕዝብ የቢልሐርዚያ ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ቀደም ሲል በበሽታው የተያዙ አዋቂዎች ትሉን ለብዙ ዓመታት ይዘው ስለሚቆዩ፣ የመተላለፉን መቀነስ በትክክል የሚያሳየው የሕፃናቱ አኃዝ ነው።

ለምን ውኃው በቃ? ይህን ያብራሩት የኋላ ኬሚስቶች ናቸው። በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ የሆስቴትማን ቡድንና ሌሎችም እንዳሳዩት፣ ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ሁለት የስኳር ሰንሰለት ያለው ሲሆን በዚያ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዘፍ በፍሬው ውስጥ ያለው ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ ገዳዩ ይወለዳል። ፍሬውን በቀጥታ በሜታኖል የሚጨምቅ ሰው ኢንዛይሙን ስለሚያፍነው የሚያገኘው ደካማውን ቅርጽ ነው። አልኮል ቢጠጋው የሚሞተውን ሥራ ቀዝቃዛው ውኃ ሠርቶታል። የአድዋ ሴቶች ፍሬውን አድቅቀው በጅረት ውኃ ሲያሹት አንድ ሙሉ የኬሚስትሪ እርምጃ ይፈጽሙ ነበር፤ ቡታኖሉም ቢሆን ጥቅም የሚሰጠው ውኃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቡታኖሉ ትርፍ ድካም ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ገዳዩ ውሕድ ተነጥሎ ባይታወቅ ኖሮ የመርዛማነቱ ጥናት በምን ላይ ይደረግ ነበር? በሌላ በኩል፣ ንጹሑ ዱቄት በአድዋ ወይም በመቀሌ ቢመረት ኖሮ ወረዳው ከውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ፈሳሽ፣ በበርሜል የሚቀመጥ የእሳት ስጋት፣ ተኑን መልሶ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያና ይህን የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ያስፈልገው ነበር። የእንዶድ ዋና ብልጫ ደግሞ በአጥር ላይ በቅሎ በሕዝቡ እጅ መገኘቱ ነው። የአሟሚው ፈሳሽ ዋጋ የሚቆጠረው በብር ብቻ አይደለም።

የቀረው ዘመን በአመዛኙ የወረቀት ሥራ ነበር። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው አነጻጽረው ቁጥር 44 የተባለውን የተሻለ ዓይነት መረጡ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የደኅንነት ምርመራ ጠየቁ፤ ምርመራው ተሠርቶ የታተመው አድዋ ላይ ግኝቱ ከተገኘ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ ለዓይንም ብርቱ ቆርቋሪ ነው፤ በውኃ ውስጥ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 «ትክክለኛ ኑሮ» በመባል የሚታወቀውን የስዊድን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ቶሌዶ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1990ዎቹ እንዶድን የውኃ ቧንቧ በሚዘጋ ባለ ዛጎል እንስሳ ላይ ለመጠቀም የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ነገሩ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ አነጋገረ። በዚህ ሁሉ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጥቶ የቢልሐርዚያን ቁጥጥር ከወንዝ ወደ ሕሙሙ አዞረው። አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ፤ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በሽታው ግን ከትግራይ አልወጣም። በ1990ዎቹ በመቀሌ ዙሪያና በሌሎችም ወረዳዎች ለመስኖ ብዙ ትናንሽ ግድቦች ተሠሩ። በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በግድቦቹ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ሰባት እጥፍ እንደ በዛ አሳየ። ለትንኝ የተመቸ የቆመ ውኃ ለቀንድ አውጣም ይመቻል፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በትግራይ ተማሪዎች ላይ የቢልሐርዚያን መኖር እንደ ውኃ ምንጫቸው እየለዩ አጥንተዋል። እንግዲህ በሽታው ካለ የሰገራ ምርመራው አለ። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እንቁላሎቹ በሰገራ ውስጥ ጥቂት ሲሆኑ በአንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። በ1948 ሪቺ የተባለ ተመራማሪ ሰገራውን በፎርማሊንና በኤተር ንጦ በሴንትሪፊዩጅ በማሽከርከር እንቁላሎቹን በታች የሚያከማች ዘዴ አቀረበ፤ በ1956 ደግሞ ሪድሊና ሃውጉድ አሻሻሉት። ኤተሩ ስቡንና ልዩ ልዩ ዝቃጩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንቁላሉ ይዘቅጣል። በእንዶዱ ሥራ ቡታኖል ወደ ላይ የሚሻገረውን ለመያዝ ሲያገለግል፣ በሰገራው ሥራ ኤተር የሚፈለገውን ወደ ታች ለመተው ያገለግላል።

የሁለቱ ፈሳሾች ዝምድና ከዚህም የጠለቀ ነው። ሁለቱም ከአራት ካርቦን፣ ከዐሥር ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠሩ ናቸው፤ የሞለኪዩላቸው ክብደት አንድ ነው፤ የተናቸውም ክብደት አንድ ነው። ልዩነታቸው ኦክስጅኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በቡታኖል ኦክስጅኑ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ስላለ ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በኤተር ኦክስጅኑ በመካከል ስለ ተሸሸገ አይያያዙም። ከዚህች ልዩነት የተነሣ አንዱ በ118 ሲፈላ ሌላው በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአንዱ የብልጭታ ሙቀት የላምባን ሲመስል የሌላው ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ሆኖ የቤንዚንን ይመስላል። ቡታኖል ከ11 እጅ በላይ ሲሆን አይነድም፤ ኤተር ግን ከ1.9 እስከ 36 እጅ ባለው ሰፊ ክልል ሁሉ ይቀጣጠላል። ከዚህም በላይ ኤተር እሳት ሳይነካው ከ160 እስከ 180 ዲግሪ በጋለ ነገር ላይ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ቀይ ያልሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንኳ ይበቃዋል።

የመቀሌ ከፍታ እዚህ ላይ ይበልጥ ይከፋል። በዚያ ግፊት ኤተር የሚፈላው በ28 ዲግሪ ገደማ ነው። በግንቦትና በሰኔ የከተማዪቱ የቀትር ሙቀት ከ25 ዲግሪ ያልፋል፤ መስኮቱ በተዘጋና ማሽን በሚሠራበት ጠባብ ክፍል 28 መድረስ ቀላል ነው። ኤተር የያዘን የምርመራ ቱቦ በእጅ ጨብጦ መናጥ በየትም አገር ግፊት ይፈጥራል፤ በመቀሌ ግን ቡሹ ቶሎ ተስፈንጥሮ ሰገራውን በባለሙያው ፊት ሊረጨው ይችላል። ስለዚህ ቱቦው በጨርቅ ተይዞ፣ ከፊት ዞር ተደርጎ፣ በየመካከሉ ቡሹ እየላላ መናጥ አለበት። ጠርሙሱም በጥላ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይቀመጥም፤ የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ በሚነሣና በሚጠፋ ጊዜ የሚፈጥረው ብልጭታ በውስጡ የታፈነውን ተን ለማፈንዳት ይበቃልና።

በትናንሽ ጤና ተቋማት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሰገራ ምርመራና የሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛ ይሠራሉ። በዚል ኒልሰን ዘዴ ቀለሙ እስኪተን ድረስ ስላይዱ ከሥሩ በአልኮል ኩራዝ ይሞቃል። ከኩራዙ ሁለት ሜትር ርቆ የተከፈተ የኤተር ጠርሙስ ርቆ አይባልም፤ ከባዱ ተን በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ ነበልባሉን ያገኘዋል። ሁለቱን በቦታ መለየት ባይቻል በሰዓት መለየት ይቻላል፤ አክታው ጠዋት፣ ኩራዙ ጠፍቶ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ሰገራው። ከሁለቱም ፈሳሾች የተረፈው በቧንቧ ገንዳ አይደፋም፤ ቡታኖልም ኤተርም በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፉ በቦዩ ውስጥ ተናቸውን እያወጡ ይሄዳሉ። በተቃጠሉ ጊዜም ውኃ መድፋት እሳቱን ማንሳፈፍና ማዳረስ ነው፤ የሚሻለው ደረቅ ዱቄት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ማጥፊያ ነው። በትንሽ ዕቃ ውስጥ የነደደውን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በክዳን ማፈን ይበቃል።

ኤተር ቡታኖል የሌለው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ከተከፈተ በኋላ ከአየርና ከብርሃን ጋር እየተገናኘ ፐርኦክሳይድ የሚባል ፈንጂ ነገር ቀስ በቀስ ይፈጥራል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፋል፤ ከስድስት ወርም በላይ አይቆይም። አቅርቦቱ በማይቋረጥበት አገር ይህ ተራ ደንብ ነው። በትግራይ ግን ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በዘለቀው ጦርነት መንገድ ተዘግቶ፣ ባንክና መብራት ተቋርጦ፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈውና ተሰባብረው ነበር። የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጓንት እያጠቡ ደግመው መጠቀማቸውንና መድኃኒት ማለቁን በተደጋጋሚ ለዓለም አሰምተዋል። ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ምንም ነገር አይጣልም። ይህ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው፤ አሮጌ የኤተር ጠርሙስ ግን ከዚህ ቁጠባ የሚወጣ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት ተከፍቶ በመጋዘን ጥግ የቀረ ጠርሙስ ቢገኝ፣ በተለይም በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ፍንጣቂ ወይም ጨው የመሰለ ነገር ከታየበት፣ ክዳኑ ሊጠመዘዝ፣ ጠርሙሱም ሊነቀነቅ አይገባም፤ የክዳኑ ሰበቃ ብቻውን ሊያፈነዳው ይችላል። በሩ ተዘግቶ ቦታው ላይ ይቆያል፤ የኬሚካል ማስወገድ ሥልጠና ያለው ሰውም ይጠራል።

ኤተርን በሌላ ነገር ለመተካት ከተሞከረ ቆይቷል። ከ1979 ጀምሮ በብዙ ላቦራቶሪዎች ኢታይል አሴቴት ቦታውን ይዟል፤ ፐርኦክሳይዱን ያስቀራል፤ እሳቱን ግን አያስቀርም፤ የብልጭታ ሙቀቱ ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ ነው። በ1972፣ የእንዶድ የቡታኖል ጽሑፍ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ካትዝና ባልደረቦቹ በብራዚል ካቶ ከተባለው ጃፓናዊ የተወረሰውን ዘዴ ለቢልሐርዚያ አስተካክለው አቀረቡ። በልክ የተቀዳደደ ትንሽ ሰሌዳ፣ በግሊሰሪንና በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሴሎፎን፣ ከዚያም ማይክሮስኮፕ። እንቁላሉ በግራም ሰገራ ስንት እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ የበሽታውም ክብደት ይታወቃል። ተቀጣጣይ ጠርሙስ በጠረጴዛው ላይ አያስፈልግም፤ ስላይዱም በመቀሌ ከፍታ እንደ ባሕር ዳርቻው ያው ነው።